ቦቃ በገባችበት ክብደት ካልሆነ አትወጣም ስለ መባሉና ከባሕር ማዶ ስለሚጠበቀው ፋጉሎ

ታኅሣሥ ፲፱፻፸፱ ዓ.ም.
ከፎገራ ሜዳ፣ ከርብ ወንዝ ዳር

ለክቡር ጓድ አንለይ
የከብት ማሻሻያ ጣቢያ ኃላፊ
ወረታ

እንደ ቄስነቴ ደብዳቤ የምጀምረው በፈጣሪ ስም ነበር፤ ነገር ግን ለመሥሪያ ቤት በሚጻፍ ወረቀት ላይ ይህ ደግ እንዳልሆነ ስለ ተነገረኝ፣ ጤናውን የሚሰጥዎትን ስም ክፍት ትቼዋለሁና ለእርስዎ እንደሚመችዎ ይሙሉት። ማንም ይስጥዎ ማን፣ እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎና የጣቢያው ሠራተኞች ሁሉ ጤናችሁ የተሟላ፣ ጓዳችሁ የሞላ ይሁን። ከሁሉም በላይ ክብደትዎ እንዳይቀንስ ከልቤ እመኛለሁ። በእርስዎ ግቢ ክብደቱ የቀነሰ ፍጡር ምን እንደሚገጥመው ስለማውቅ ነው።

እኔ ቄስ አዛናው እባላለሁ። ምናልባት በመልኬ ባያውቁኝ በጥምጥሜና በጭራዬ ያስታውሱኛል፤ በየሳምንቱ በጣቢያዎ በር ላይ ቆሜ ከዘበኛው ጋር የምነጋገረው፣ እርስዎም በመኪና ሲገቡ በትሕትና እጅዎን አንሥተው የሚያልፉኝ ሰውዬ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በፖስታ አሽጌ ያልላክሁት በንቀት አይደለም። ባለፈው ወር በወረታ አዳራሽ በሰበሰቡን ዕለት፣ ሰፊው ሕዝብ ቅሬታውን በጓዳ ከሚያንሾካሹክ በጣቢያው በር ላይ በተሰቀለው ሰሌዳ በግልጽ ይለጥፍ ብለው እርስዎ ራስዎ ስላዘዙን ነው። ሰሌዳውን ሄጄ አየሁት። የተለጠፈበት ነገር ቢኖር «ለጥፉ» የሚለው የእርስዎ ማስታወቂያ ብቻ ስለሆነ፣ ብቻውን እንዳይቆዝም ይኸን አጠገቡ ላኖርለት አሰብሁ።

ነገሩን የማያውቅ መንገደኛ ሰሌዳው ሥር ቆሞ ቢያነብ እንዳይቸገር፣ እርስዎ የሚያውቁትን ሁሉ እንደ አዲስ ስለምናገር ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ልጄ ጥሩብርሃን ለዲያቆን አያልነህ ታጭታለች። አያልነህ የጎረቤታችን የአቶ አለኸኝ ልጅ ሲሆን፣ ፊደል የቆጠረው፣ ዳዊት የደገመውና ዜማ የተማረው ከእኔው ደጅ ነው፤ ልጁን እንደ ልጄ እወደዋለሁ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በእኛ አገር ወግ ሁለቱ ወገኖች ለጎጆ መውጫ የሚሰጡት ከብት እኩል መሆን ስላለበት፣ አቶ አለኸኝ አንድ የደረሰ የእርሻ በሬ፣ እኔ ደግሞ ግንባሯ ላይ ነጭ ስላላት ቦቃ የምንላትን ጥቁርና ነጭ ላሜን ልሰጥ በሽማግሌ ፊት ተስማማን። ስምምነቱ ግን በቃል አያልቅም፤ የተባለው ከብት ሽማግሌዎች ዐይናቸው እያየ ተነድቶ ካልመጣ እንደ ተሰጠ አይቆጠርም። ይህን ወግ እርስዎ ኋላ ቀር ልማድ እንደሚሉት አውቃለሁ፤ እኔም በነዚህ ሁለት ዓመታት ኋላ ቀርነቱን በሚገባ ተረድቼዋለሁ።

ሽማግሌዎቹ ላሟን አይተው እንዲመሰክሩ ቀን ተቆርጦ ነበር። እኔም የልጅ አባት ነኝና፣ ላሜ ከስታ ታይታ ልጄ እንዳታፍር ብዬ ከወረታ ኑግ ጨማቂ ዘንድ ፋጉሎ በአህያ አስጭኜ አመጣሁ። ፋጉሎ ማለት ኑጉ ዘይቱን ከሰጠ በኋላ የሚቀረው ጥቁር ትራፊ መሆኑን ለእርስዎ መንገር ድፍረት ነው፤ ለመንገደኛው ብዬ ነው። ባለቤቴ ገላነሽ ፋጉሎውን በውኃ እየዘፈዘፈች፣ ጨው እየነሰነሰች ስታበላት ቦቃ ጎኗ ሞላ፣ ጠጕሯም ቅቤ የተቀባ መሰለ። ሽማግሌዎቹ በተቀጠሩበት ሳምንት ግን የእርስዎ መራጭ ኮሚቴ ቀድሟቸው ደረሰ። የፎገራን ከብት ዘር ለማሻሻል ምርጥ ምርጡን እየለየ ሲዞር፣ የጎረቤቶቼ ላሞች የጎድን አጥንታቸው የሚታይ ስለ ነበረ፣ የእኔን ካየ በኋላ ሌላ ማየት አላስፈለገውም። ለአቶ አለኸኝ ዐይን ብዬ ያስጌጥኋትን ላም የመንግሥት ዐይን ቀድሞ አረፈባት።

ኮሚቴው በጣም ጨዋ ነበር። አንድ ጥጃ ወልዳ ለጣቢያው ካስረከበች ትመለሳለች ብሎ ቃል ገባልኝ፣ እጄንም ጨበጠኝ። ቦቃም ቃሏን አክብራ ወለደች፤ ወይፈኑ አድጎ በግቢዎ ውስጥ ሲዘል በአጥሩ ቀዳዳ አይቼዋለሁና እንኳን ደስ ያላችሁ። እኔም ገመዴን ይዤ ላሜን ልወስድ መጣሁ። እነሆ እስከ ዛሬ ገመዴን እንደያዝሁ አለሁ።

ከዚህ ቀጥሎ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ ቅሬታ የሚለው ቃል ለጆሮዎ እንዳይከብድ ብዬ ነው።

አንደኛ፣ ስለ መመሪያው አመሰግናለሁ። «ወደ ጣቢያው የገባ የሕዝብ ከብት በገባበት ክብደት ካልሆነ አይወጣም» የሚለው መመሪያ፣ መንግሥት የሰውን ከብት አክስቶ መለሰ ተብሎ እንዳይታማ የወጣ መሆኑን እርስዎ ራስዎ በትዕግሥት አስረድተውኛል። ሐሳቡ ቅን ነው፤ ያነጸው ሰው አእምሮው ይባረክ። ችግሩ፣ ቦቃ በገባችበት ቀን የተመዘነችው ገላነሽ በፋጉሎ ሞልታት በዕድሜዋ አይታው የማታውቀውን ክብደት በደረሰችበት ሰዓት መሆኑ ነው። እንደዚያ ወፍራ የታየችው እኔ ልጄን ለማስከበር ባደረግሁት ሽር ጉድ እንጂ እንደ ተፈጥሮዋ አይደለም ብዬ ብናገር፣ ጸሐፊዎ ሳቅ ብሎ ሚዛን አይዋሽም አለኝ። ስለዚህ ላሜ ከስታለችና አትወጣም፤ ስላልወጣችም ትከሳለች። ይህን ሳስብ ራሴን አዙሮኝ ከበሩ ሥር ተቀምጬ የማውቅበት ቀን አለ።

ሁለተኛ፣ በወረታ አዳራሽ ስለ ሰጡን ትምህርት አመሰግናለሁ። ቦቃ ወደ ቀድሞ ክብደቷ የምትመለሰው በፋጉሎ እንደሆነ፣ ፋጉሎውም ከባሕር ማዶ ተገዝቶ እንደሚመጣ ነግረውን ስለ ነበር፣ የትምህርቱ ርእስ «የአገራችን የፋጉሎ ግዥ አዝማሚያ» መሆኑን በሰማሁ ጊዜ ልቤ ዘለለ፤ ነጠላዬን አጥቤ፣ ከሁሉ ፊት ለፊት ተቀመጥሁ። በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሁለት መሥመር ሳሉልን። በቀይ ጠመኔ የተሳለው አንድ ወዳጅ አገር ከእኛ የሚገዛው ፋጉሎ ነበር፤ ከዓመት ዓመት እንደ ተራራ ወደ ላይ ይወጣል። በነጭ ጠመኔ የተሳለው እኛ ከውጭ የምንገዛው ነበር፤ በመጀመሪያው ዓመት ብድግ ብሎ ነበር፣ በሁለተኛው ጎንበስ አለ፣ በሦስተኛው ከሰሌዳው ጠርዝ ላይ ሲደርስ ጠመኔው ስለ አለቀብዎ ቀሪውን በጣትዎ አሳዩን። ጣትዎ የጠቆመው ወደ ወለሉ ነበር።

ቀዩ መሥመር መውጣቱ ድል ነው አሉን፣ የውጭ ምንዛሪ ያስገኛልና፤ አጨበጨብን። ነጩ መሥመር መውረዱም ድል ነው አሉን፣ ራስን ወደ መቻል የሚደረግ ጉዞ ነውና፤ አሁንም አጨበጨብን። እኔ በሁለቱ ድሎች መካከል ላሜ የት እንደቆመች ብፈልግ አጣኋት። የወዳጅ አገር ላሞች የእኛን የኑግ ትራፊ እየበሉ እንደሚወፍሩ በመስማቴ ግን ተጽናንቻለሁ፤ በዚያም ያልተዳሩ ልጆች ያሏቸው አባቶች አይጠፉምና ይቅናቸው።

በዚያው ስብሰባ እጄን አውጥቼ፣ ኑጉ ከእኛው ማሳ በኮታ ከወጣ፣ ፋጉሎውም ጎንደር ተጨምቆ በጣቢያዎ በር ፊት ለፊት በመኪና ተጭኖ ወደ ወደብ የሚያልፍ ከሆነ፣ አንድ ጆንያ እዚሁ ቢወርድ ምን ይለዋል ብዬ መጠየቄን ያስታውሳሉ። እርስዎም ያ ጭነት ለውጭ ገበያ የተመደበ መሆኑን፣ በሚገኘውም ምንዛሪ ለጣቢያው ፋጉሎ ከውጭ እንደሚገዛ፣ ጥያቄዬም የግለኝነት ስሜት እንዳለበት አብራርተውልኝ ተቀመጥሁ። ከዚያ ወዲህ ነገሩን ሳወጣ ሳወርድ በአውድማ ላይ የሚዞር በሬ ሆኖ ታየኝ፤ ልዩነቱ በአውድማ ላይ በሬው አልፎ አልፎ ጎንበስ ብሎ ከሚረግጠው መጉረሱ ነው። ዘበኛዎ ደግሞ ባለፈው ሳምንት እንዲህ አለኝ፦ «አባ፣ ያ የፋጉሎ መኪና መገንጠያው ላይ ማርሽ በለወጠ ቁጥር ይች ላም አንገቷን አቅንታ እምቧ ትላለች፤ ሾፌሩ ዘመዷ ነው እሚመስል።» ዘበኛውን እንዳይቆጡብኝ፤ ከጣቢያዎ ሰዎች ስለ ቦቃ አንድ ነገር የሚነግረኝ እሱ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ ሳይንሳዊው አመጋገብ አመሰግናለሁ። ውኃው ሸሽቶ ሜዳው በደረቀ ማግስት የፎገራ ሳር እስከ ጉልበት እንደሚደርስ፣ የአገሩ ከብትም ከጥንት ጀምሮ በዚሁ ሳር እንደኖረ ብነግርዎ፣ በዘልማድ የተሰማራ ከብት ክብደቱ በሥርዓት ስለማይታወቅ የጣቢያው ላሞች ፋጉሎው እስኪመጣ በበረት ውስጥ የሩዝ ገለባ እየበሉ እንዲቆዩ መወሰኑን ገለጡልኝ። እኔው አጭጄ በሸክም ላምጣላት ብል፣ ከውጭ የሚገባ ሳር በሽታ ያስገባል ተባልሁ። ሳሩ እኮ ከበረቱ አጥር ማዶ ነው የበቀለው፤ በሽታ ካለውም ጎረቤት ነው። አንድ ቀን ቦቃ ምላሷን በአጥሩ እንጨት መካከል አውጥታ የማዶውን ሳር ጫፍ ጫፉን ለመሳብ ስትታገል አየኋት። በስሟ ጠራኋት፣ ቀና ብላ አየችኝና ወደ ሳሩ ተመለሰች። ያን ቀን ወደ ቤቴ ስመለስ ለገላነሽ ምን እንደምላት ጨንቆኝ በርብ ዳር ዙሬ ገባሁ።

አራተኛውን ምስጋና ለገላነሽ ባነብላት «ይችንስ ይተዋት፣ ልጆች አሉን» ስላለችኝ ትቼዋለሁ። ቁጥሩን ግን አልዘለልሁትም፤ ባዶ ቦታውን አይተው እርስዎ ራስዎ እንዲገምቱት ነው።

አምስተኛ፣ ይህ ሁሉ በሰው ላይ ምን እንዳደረገ ለመስማት ጊዜ ከኖረዎት ልንገርዎ።

ልጄ ጥሩብርሃን የታጨች ናትና እንደ ልጃገረድ ገበያ አትወጣም፤ ያላገባች ናትና እንደ ሴት ወይዘሮ ጎጆ የላትም። የመጀመሪያው ጥር ሲመጣ ላሟ ዛሬ ነገ ትለቀቃለች ብለን ድግሱን ጠነሰስን፤ ጠላው ሊጎመዝዝ ሲል ጎረቤት ጠርተን አጠጣነው። ጎረቤቱም ምን ብሎ እንደሚመርቅ ግራ ገብቶት እንዲሁ «ይሁንላችሁ» እያለ ወጣ። በሁለተኛው ጥር ምንም አልጠመቅንም። ልጄ አታማርርም፤ የሠርግ ቀሚሷን አውጥታ ታያለች፣ አጣጥፋ ትመልሳለች። እኔ አባቷ ይህን እያየሁ ስለ ጠመኔ መሥመር እንዳስብ መደረጌን ይቅር ለማለት እየሞከርሁ ነው፤ እስካሁን አልሆነልኝም።

ዲያቆን አያልነህም ቅስና ለመቀበል አስቀድሞ በቁርባን ማግባት አለበት፤ ይህ የእኔ ፈቃድ ሳይሆን የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነው። በደብራችን የነበሩት ሁለተኛው ቄስ ካረፉ ወዲህ እኔ ብቻዬን ቀርቻለሁ። ቅዳሴ ደግሞ ያለ ሁለት ቄስና ያለ ሦስት ዲያቆን አይገባም። በበጋ ከጎረቤት ደብር ቄስ እንዋሳለን፤ በክረምት ግን ርብ ሞልቶ ሜዳው ባሕር ሲሆን እንኳን ቄስ ወፍም ቢሆን አስቦ ነው የሚሻገር፤ ስለዚህ ክረምቱን ሙሉ ደጃችን ሳይቀደስበት ይከርማል። ይህ ለእርስዎ የምሥራች ሊሆን ይችላል። ብዙ ካድሬዎች በብዙ ስብሰባ ደክመው ያላስቆሙትን ቅዳሴ የፋጉሎ እጥረት አስቁሞታልና፣ በቀጣዩ ትምህርትዎ ሦስተኛ መሥመር ይሳሉለት፤ ጠመኔውን እኔ አመጣለሁ።

ላሟን ትተን ልጆቹን እንዳርም ብዬ አቶ አለኸኝ ዘንድ ሄጄ ነበር። እንዲህ አሉኝ፦ «ቄስ፣ ከርስዎ ጋር ጠብ የለኝ። ታላቁን ልጄን ስድር ከሴቷ ወገን ላም ትመጣለች ተብዬ እስካሁን አልመጣች፤ በዚያው ተኳርፈው ሚስቱ ወጣች። ይኸኛው በቁርባን ነው፣ መፋታት የለበት። ዐይኔ ያላያትን ላም ልጄ አያልባት።» ሰውዬው ክፉ አይደሉም፤ አንድ ጊዜ በወረቀት ላም የተቃጠሉ አባት ናቸው። እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን ይህንኑ እል ነበርና ቡናቸውን ጠጥቼ ወጣሁ።

እስከዚህ ድረስ ያለው የቆየ ነገር ነው። እስክሪብቶ ያስያዘኝ አዲሱ ነገር ግን የሚከተለው ነው። የገበሬ ማኅበራችን ሊቀ መንበር ለብሔራዊ ውትድርና የሚሄዱ ወጣቶች በዚህ ጥር ተመርጠው እንደሚያልቁ፣ ጎጆ የወጣ ለጊዜው እንደሚታለፍ፣ ያላገባ ግን እንደሚቀድም አስታውቀዋል። አያልነህ አላገባም። ያላገባው ላሟ ስላልመጣች ነው። ላሟ ያልመጣችው ስለከሳች ነው። የከሳችው ፋጉሎ ስለሌለ ነው። ፋጉሎ የሌለው ቀዩ መሥመር እየወጣ ነጩ እየወረደ ስለሆነ ነው። ስለዚህ፣ የተከበሩ ጓድ አንለይ፣ አያልነህን ወደ ጦር ሜዳ የሚነዳው በሰሌዳዎ ላይ በጣትዎ የሳሉት መሥመር ነው። ይህን ያህል ነገር በአንዲት ላም ትከሻ ላይ መጫኑ አስገርሞኛል፤ ፈርቻለሁም፤ ፍርሃቴን ለመደበቅ ጨዋታ እያበዛሁ እንደሆነ ይገባዎታል ብዬ እገምታለሁ።

ችግር ብቻ አውርቶ መፍትሔ አለማቅረብ የአድኅሮት ምልክት ነው ስላሉን፣ ጥቂት መፍትሔዎች በትሕትና አቀርባለሁ። ቦቃ በምትመዘንበት ቀን እኔ አጠገቧ ሚዛኑ ላይ ብቆም ጉድለቱ ሊሞላ ይችላል፤ በእኔ ላይ የተረፈ ሥጋ ብዙ ስላልሆነ ካልበቃ ገላነሽን እጨምራለሁ፤ አሁንም ካልበቃ ወይፈኗ እዚያው ስላለ እናቱን ይርዳት። ወይም ደግሞ ላሟን ለቅቀው እኔን በበረቷ ያኑሩኝ። ገለባ ባልበላም ስብሰባ በተጠራ ጊዜ አጨበጭባለሁ፤ ይህን ከእኔ በቀር የጣቢያው ከብት ሁሉ አይችለውም። ከሁሉ የሚቀለው ግን በሩን ከፍቶ ማየት ነው፤ ቦቃ የቤቷን መንገድ ታውቀዋለች፣ ማንም መንዳት አይጠበቅበትም።

ይህን ረጅም ጽሑፍ እስከ መጨረሻው ያነበቡበት ዐይንዎ አይደክም እያልሁ፣ ለሰጡኝ ትምህርት፣ ለጨበጡኝ እጅ፣ በመኪና ሲያልፉ ላነሡልኝም እጅ ወደር የሌለው ምስጋናዬን አቀርባለሁ። የጣቢያዎ አጥር ይጽና፤ ጠመኔዎ አይለቅ፤ ነጩ መሥመርም ወለሉን ካገኘ በኋላ እንደገና ቀና የሚልበትን ቀን ለእርስዎ በሹመትዎ ላይ ሳሉ፣ ለእኔም በሕይወት ሳለሁ ያሳየን።

በበርዎ ላይ ከመቆም ያልቦዘነው ታዛዥዎ፣ ገመድ ያዡ
ቄስ አዛናው

ግልባጭ፦
ለአቶ አለኸኝ፣ ላሚቱ በወረቀት ላይ እስካሁን በሕይወት መኖሯን እንዲያውቁት።
ለቦቃ፣ በበረቷ። ማንበብ ስለማትችል እንድትበላው፤ ከባሕር ማዶ ከሚመጣው ቀድሞ የደረሰ መኖ ነው።

ከተፈረመ በኋላ የተጨመረ፣ በአስተርእዮ ማርያም ዋዜማ፦

ይህን ደብዳቤ ጽፌ ባበቃሁ ጊዜ ገላነሽ ይታሰሩብናል ብላ ከመሶቡ ሥር ደብቃብኝ ነበር። ዛሬ ጠዋት ራሷ አውጥታ ሰጠችኝና «ይለጥፉት። ከእንግዲህ ምን ቀረን?» አለችኝ። ስለ ዘገየሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ በመካከሉ የሆነውንም ባጭሩ ልጨምር።

ከጥምቀት በፊት አቶ አለኸኝ ራሳቸው ወደ ቤቴ መጥተው «ላሟ ትቅር፣ ልጄ ይበልጥብኛል» አሉኝና ሠርጉን ከጥምቀት በኋላ ባለው እሑድ ቆረጥን። የጥምቀት ዕለት ታቦቱን አስገብተን ስንበተን፣ አያልነህ የታቦቱን ጥላ ገና አጥፎ ሳያስቀምጥ የገበሬ ማኅበሩ ሰዎች ከቅጥሩ በር ላይ ለውትድርና ወሰዱት። እሑድ ሠርጉ ነው ብንል፣ እሑድ ገና ነው አሉን። ወጣቶቹ በተሰበሰቡበት በወረታ አዳራሽ የሚመዘኑበት ሚዛን ስላልነበረ የጣቢያዎን የከብት ሚዛን በመኪና አስጭነው ተዋሱ፤ ይህን እርስዎ ራስዎ እንደ ፈቀዱ ሰምቻለሁ። ልጁ ቦቃ በቆመችበት ጣውላ ላይ ቆመ። ፋጉሎ ሳይቀምስ አለፈ።

ሚዛኑ ወደ አዳራሹ በመሄዱ በግቢዎ ያሉ ከብቶች መመዘን አልቻሉም፤ ያልተመዘነ ከብት ደግሞ ከስቷል ተብሎ ሊያዝ የሚችልበት መመሪያ የለም። ስለዚህ አያልነህ በሄደበት ቀን ከሰዓት በኋላ ዘበኛዎ ቦቃን ፈትቶ «አባ፣ ይውሰዷት» አለኝ። አሁን በደጄ ቆማ የፎገራ ሳር እየበላች ነው። ሽማግሌዎቹ መጥተው በዐይናቸው አይተው መስክረዋል። አቶ አለኸኝም ቃላቸውን አክብረው በሬያቸውን ነድተው አምጥተው ከአጠገቧ አስረውታል፤ ልጄ ጥሩብርሃን ለሁለቱም ውኃ ታጠጣለች። እኩል ነው፣ ምንም አልጎደለም ተብሏል።

አንዲት ልመና ብቻ ቀርታኛለች። አያልነህም በእርስዎ ሚዛን ተመዝኖ ገብቷልና፣ በገባበት ክብደት ካልሆነ አይወጣም የሚለውን መመሪያ አደራ በእሱ ላይ እንዳያሠሩት ለሚመለከተው ሁሉ ይንገሩልን። እኛ እንደ ጣቢያው አይደለንም፤ ከስቶም ቢመጣ እንወስደዋለን።